ሁለተኛዋን አውሮፕላን ማን ነበር የሚነዳት?

ልጄ ሁለት እጇን አንሥታ፣ መዳፏን ከፍታ አሳየችኝና «ማሚ፣ እኔ አይደለሁም የምነዳው» አለችኝ፣ የጨዋታው መንጃ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል፣ የእሷ አውሮፕላን ተራራ ላይ ተላትማ ከጠፋች ቆይታለች፣ ከኋላዋ ስትከተላት የነበረችው ሁለተኛዋ ግን ጉብታው ሲመጣ ከፍ፣ ገደሉ ሲመጣ ዝቅ እያለች፣ ልክ ሰው እንደያዛት ሆና ቴሌቪዥኑ ውስጥ መብረሯን አልተወችም፤ ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላዋ በእጄ እንደያዝኩ ባር ባር ያለኝ፣ ቤታችን ውስጥ ከእኔና ከልጄ ሌላ ሰው እንዳለ የገባኝ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አገሬ ዳባት ነው፣ ዛር አለባቸው የሚባሉ ሴቶች ሲያጓሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጥጥ እየፈተልኩ ያደግኩ ነኝ፣ ቡዳ በላው ሲሉ ወባ ነው እላለሁ፣ ጠንቋይ ቤት ሲገቡ እኔ ደጅ ሆኜ በቅሎ እጠብቃለሁ፣ እናቴ እንኳ «የዚህች ልጅ ልብ ባልጩት ነው» ትል ነበር። ትምህርቴም መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬ ያበቃ ስለሆነ የምጽፈው እንደማወራው ነው፣ አጻጻፌ ቢበላሽ አትፍረዱብኝ፣ ያየሁትን ግን አልሳሳትም።

የምንኖረው ያኔ ካናዳ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ነው፣ ከረጃጅሞቹ ሕንጻዎች በአንዱ፣ ባልኮኒው ላይ ቆመን ወደ ታች ስናይ ባቡሩ እንደ አባጨጓሬ የሚታይበት ፎቅ ላይ። በየፎቁ አንዲት የቆሻሻ መጣያ ክፍል አለች፣ ሰው ቤት ሲለቅ ያልፈለገውን ዕቃ እዚያች ትቶት ይሄዳል፣ የእኛ ቤት ዕቃ ግማሹ ከዚያች ክፍል ነው የመጣው፣ አላፍርበትም። ልጄ ሜሮን አንድ ቀን ከዚያ ካርቶን እየጎተተች መጣች፣ ኮምፒውተር ነው አለችኝ፣ ለእኔ ግን ወረቀት ማስገቢያ የሌለው የጽሕፈት መኪና ነው የመሰለኝ፣ በሽቦ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል። ትምህርት ቤት ብታወራ ልጆቹ «ይሄማ የአያቶች ነው» ብለው ሳቁባት፣ እሷ ግን ወደደችው፣ እኔም ወደድኩት፣ አባቷ ከካርቱም ወዲህ ከእኛ ጋር የለም፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው፣ እና እኔ ከፋብሪካ እስክመለስ ብቻዋን ስለምትቆይ ቤት የሚያስቀምጣት ነገር ተገኘ ብዬ ነው ደስ ያለኝ።

ጨዋታው የሚመጣው በካሴት ነው፣ እንደ ዘፈን። የእኔን ቴፕ በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር ታገናኝና ካሴቱን ትከታለች፣ ሽሮ ተንተክትኮ እስኪወርድ ድረስ ጢርርር ጭውውው ሲል ይቆይና ቴፑ ራሱ ቆሞ ሥዕሉ ይመጣል። የካሴቱ ልባስ ላይ እሳት የምትተፋ፣ ዓይን የምትስብ መንኮራኩር ተሥላለች፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የምትመጣው ግን ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም፣ መጀመሪያ ሳያት ሳቄ አመለጠኝ፣ እኔ አውሮፕላን ስላት «ስፔስሺፕ ናት፣ ማሚ» እያለች ትቆጣለች፣ ለእኔ ግን ከላይ የሚበር ሁሉ አውሮፕላን ነው፣ ያየ ያውቀዋል። ከሥር ተራራ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እሷ ወደ ፊት ትሄዳለች፣ ከፊት ድንጋይ ይመጣል፣ ትተኩሳለች፣ በቃ ይኸው ነው። ተራራውም ያው ነው፣ ጉብታ ጉብታ፣ ሜዳ፣ ገደል፣ ደግሞ ያው ጉብታ፣ ሰነፍ ሸማኔ እንደሠራው ጥለት፣ ምነው ብላት «ቺፕ ጌም፣ ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ተራራ አልሠሩለትም» አለችኝ። ይህን ነገር ያዙልኝ።

ቴፑን የገዛሁት ግን ለዚህ አልነበረም፣ ለደብዳቤ ነበር። እናቴ ፊደል አታውቅም፣ የእኔም ጽሕፈት አንጀት የሚያደርስ አይደለም፣ እና እንደ ብዙዎቻችን በካሴት ነው የምንጻጻፈው፣ ተናግሬ፣ በካልሲ ጠቅልዬ፣ ለመንገደኛ እሰጣለሁ፣ እሷም ተናግራ ትልካለች፣ ከኋላዋ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። በየካሴቱ መጨረሻ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ «ሙሉጌታስ? ምነው ድምፁን ነፈገኝ?» ትላለች።

ሙሉጌታ ታናሽ ወንድሜ ነው። ወደ ሱዳን ስንወጣ አብሮን ነበር፣ እኔ ሜሮንን እርጉዝ ነኝ፣ የምንሄደው በጨለማ ነው። መንገድ መሪው ትንፍሽ እንዳንል ከልክሎናል፣ የምንግባባው በምላስ ነበር፣ አንዴ ጠቅ ካደረገ ተኛ ማለት ነው፣ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ካደረገ ተነሥና ሂድ ማለት ነው። ሙሉጌታ እግረ ብርቱ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው፣ ምልክቱን እሱ ከኋላ ሲመልስ ያኔ ሁላችንም እንዳለን ይታወቃል። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ መሐሉ እንደወለቀ ጥርስ የጎደለ ተራራ አለ፣ እሱን ተሻግረን ሜዳው ላይ እንደወጣን አውሮፕላን መጣ። መሪው ጠቅ አደረገ፣ ተኛን፣ አውሮፕላኑ የያዘውን ቦምብ አራገፈና ሄደ፣ መሪው ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ተነሣን፣ ከኋላ የመለሰ የለም። መሪው ደገመው፣ የመለሰ የለም። ፀሐይ ሳትወጣ ጫካው ውስጥ ካልገባን ሁላችንም አለቅን ብሎ በዱላ እንደ ከብት ነዳን።

ከዚያ በኋላ በየካምፑ ጠይቄአለሁ፣ አየሁት ያለ የለም፣ ቀበርኩት ያለም የለም። ታዲያ ለእናቴ ምን ልበላት? መርዶ በካሴት አይነገርም፣ መርዶ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሳይነጋ ቤቷ ሄዶ፣ ግራ ቀኝ ደግፎ ነው የሚነገራት፣ ደግሞስ ሬሳ ያየ ሳይኖር ማን ብሎ ያረዳል፣ ለቅሶ አልተቀመጥንም፣ ተዝካር አላወጣንም፣ ምኑ ላይ ቆመን? ዳባት ያሉት ዘመዶቼም እስኪጣራ አትናገሪ አሉኝ፣ እና «ሙሉጌታ ደህና ነው፣ ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል፣ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቶ ነው» እላለሁ፣ ሁልጊዜ ጉንፋን ነው፣ የካናዳ ብርድ ደግሞ ለጉንፋን ምክንያት አያሳጣም።

ያን ቀን በረዶው ስለበረታ ከፋብሪካው በጊዜ አሰናበቱን። በማግስቱ አገር ቤት የሚገባ መንገደኛ ነበር፣ ባዶ ካሴት ብፈልግ ቤት ውስጥ የለም፣ ሱቅ እንዳልሄድ አውቶቡሱ ቆሟል፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ልባስ የሌለው አንድ ካሴት አገኘሁ፣ ከትቼ ባዳምጠው ጢርርር ነው የሚለው፣ የተበላሸ ነው አልኩ። ያ ጩኸት የኮምፒውተሩ ነበር የሚመስለኝ፣ ካሴቱ ላይ የተቀዳ መሆኑን በየት ልወቅ? የተቀዳ ካሴት ላይ ሌላ ለመቅዳት እኛ አገር ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በወረቀት መወተፍ ነው፣ ወተፍኩና ተናገርኩበት፣ ሰላምታውን በየስሙ አደረስኩ፣ ስለ ሜሮን ትምህርት አወራሁ፣ በመጨረሻ «ሙሉጌታም ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል፣ ሰላም ይልሻል» አልኩና እንደ ልማዴ ትንሽ ዝም አልኩ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ለመናገር ሞክሮ ያቃተው እንዲመስል ነው፣ ይህን ሁልጊዜ አደርገዋለሁ። ከዚያ ቴፑን ዘግቼ፣ ካሴቱን ሳላወጣ ወደ ማጀት ገባሁ።

ሜሮን ከትምህርት ቤት መጣች፣ ካልሲዋ ርሷል፣ አውልቂ አልኳት፣ እሺ ብላ አላወለቀችም። ውጭው ገና በጊዜ ጨልሟል፣ የዚህን አገር ክረምት ነገር ታውቁታላችሁ። እኔ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ ያ ጢርርር ሲጀምር ሰማሁ፣ ምንም አልመሰለኝም፣ ቆየት ብሎ ነው ካሴቱ ትዝ ያለኝ፣ ሮጬ ወጣሁና የአያትሽን ደብዳቤ አበላሸሽው አልኳት፣ የምን ደብዳቤ፣ የእኔ ጌም ነው አለችኝ፣ ወዲያው ሥዕሉ መጣ። እኔ እንግዲህ ሳልቀዳ ቀርቼ ነው፣ የተጫንኩት ቁልፍ ተሳስቶ ነው ብዬ የተናደድኩት በራሴ ነው፣ ያን ሁሉ ወሬ ለግድግዳ አወራሁ አልኩ፣ ተመልሼ ማጀት ገባሁ።

ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ። ጨዋታው ሲጀምር ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለት ብሎ ይጠይቃል፣ እሷ ለአንድ ብላ ሁለት አውሮፕላን መጣ፣ ማሚ ተበላሽቷል አለችኝ። ለሁለተኛው ሰው የሚሆነው መንጃ ሽቦው ከመጀመሪያውም የተቆረጠ ስለሆነ ካርቶኑ ውስጥ እንደተጣለ ነው። ቢላዋዬን እንደያዝኩ ብቅ አልኩ፣ ያኔ ነው እንግዲህ እጇን አንሥታ ያሳየችኝ።

መጀመሪያ ያየሁት አውሮፕላኗን አይደለም፣ ተራራውን ነው። እመኑኝ፣ ያ ጉብታ ጉብታ፣ ሜዳ፣ ገደል የሚለው ጥለት የለም፣ ተራራው አልተደገመም፣ አዲስ አዲስ እየሆነ ይመጣል፣ ሸንተረር አለው፣ ወንዝ የሚመስል ስንጥቅ አለው፣ እኔ ቆሜ ሳየው እግሬ ያውቀው ጀመር፣ ይህን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ዓይኔ ሳይሆን እግሬ ነው ያወቀው፣ እዚህ ጋ ቁልቁለት አለ ስል ቁልቁለት ይሆናል፣ እዚህ ጋ ውሃ ጠጥተናል ስል ስንጥቁ ይመጣል። ከዚያ መሐሉ እንደወለቀ ጥርስ የጎደለው ተራራ መጣ።

አጥፊው አልኳት፣ አልሰማችኝም። ከዚያ ድምፁን ሰማሁት። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ዝግ ነው፣ ከሥር ያለው ሰውዬ በመጥረጊያ ኮርኒሱን ስለሚደበድብ ሜሮን ሁልጊዜ ዘግታ ነው የምትጫወተው፣ የመጣው ከቴፑ ነው፣ ቴፑ ደግሞ ቆሟል፣ ጥርሱ ሲዞር አላይም፣ ቢሆንም ከዚያ ውስጥ ጠቅ ጠቅ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ የሰው ምላስ ነው፣ ብረት አይደለም፣ የብረትን ድምፅ ፋብሪካ ውስጥ ስሰማ ነው የምውለው።

ሜሮን ተነሣች። ቴፑ ጠቅ ጠቅ ሲል አንድ እርምጃ ትሄዳለች፣ ዝም ሲል ትቆማለች፣ ፊቷ እንደ ሌላው ቀን ነው፣ አልተለወጠም፣ እሱ ነው ከሁሉ ያስፈራኝ። የምትሄደው ወደ ባልኮኒው በር ነው። ክንዷን ያዝኩ፣ ድንጋይ ጎተትኩ ማለት ይሻላል፣ ያቺ በአንድ እጄ አንሥቼ ገላዋን የማጥባት ልጅ አልነቃነቅ አለችኝ፣ በሩን ስትከፍተው በረዶው ከነነፋሱ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ተራዬ ነው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እኔን እንደማረጋጋት። «እሱ ተጫውቶ ጨርሷል፣ ማሚ። አሁን የእኔ ተራ ነው።»

ዞር ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ፣ ተራራው አልቋል፣ ሜዳው መጥቷል፣ ያ ሜዳ ነው፣ አውሮፕላኗ ሜዳው ላይ ዝቅ ብላ ትበራለች፣ ከፊቷ ምንም የለም። የልጄ አንድ እግር፣ ያ እርጥብ ካልሲ፣ ባልኮኒው ላይ ነው፣ እጇ የብረቱን አጥር ይዟል፣ ቴፑም እንደገና ጠቅ ጠቅ አለ። ምን እንደማደርግ ሳላስበው ምላሴ ብቻውን ላንቃዬ ላይ ሄደና አንዴ ጠቅ አደረግኩ።

ተኛ ማለት ነው።

አውሮፕላኗ ወረደች። አልተከሰከሰችም፣ ቀስ ብላ ወርዳ ሜዳው ላይ ተቀመጠች፣ ይሸሽ የነበረው መሬትም ቆመ። ልጄም ባልኮኒው በር ላይ በደረቷ ተዘርግታ ወደቀች፣ ፊቷን ምንጣፉ ውስጥ ቀብራ፣ ሁለት እጇን ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ እኛ ያኔ ስንተኛ እንደነበረው። ያን አተኛኝ ማንም አላስተማራትም፣ እኔ ስለዚያ መንገድ አንድ ቀን ነግሬአት አላውቅም።

እንደዚያው ጠቅልዬ አነሣኋት፣ አሁን ቀላለች፣ አሳንሰሩን አልጠበቅኩም፣ በደረጃው በባዶ እግሬ ወርጄ የዘይነባን በር ደበደብኩ። ዘይነባ የወሎ ሴት ናት፣ ባሏ ጋሽ ሰይድ ታክሲ ይነዳሉ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው ቤታቸው፣ ከእኔ ቤት ጨው ቢጠፋ የምሮጠው እዚያ ነው። ዘይነባ እግሬን አይታ አንድ ቃል ሳትጠይቅ ሜሮንን ተቀብላኝ በብርድ ልብስ ጠቀለለቻት። ጋሽ ሰይድ በበረዶው ምክንያት ሥራ አልወጡም፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ነበር፣ የምንተባተበውን ሁሉ፣ የወንድሜንና የዚያን ሜዳ ነገር ሳይቀር ሰምተው ሲያበቁ ጺማቸውን እያሻሹ «እንግዲህ የኮምፒውተር ዛር መሆኑ ነው፣ ይሄ በምን ይለመናል፣ በገብስማ ዶሮ ነው በባትሪ?» አሉ።

«ተው እንጂ አንተ ሰው፣ ሴትዮዋ በባዶ እግሯ ነው የመጣችው» አለቻቸው ዘይነባ።

«ልጅቷ እንድትስቅ ብዬ ነው» አሉ፣ ሜሮን ግን አልሳቀችም። እሳቸው ቁልፌን ይዘው፣ ነገሩን አጥፍተው ሊመለሱ ወጡ።

ቆዩ። ሲመለሱ ካሴቱ በእጃቸው ነው፣ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፍቷል። የባልኮኒውን በር ዘጋሁት አሉ፣ ቴሌቪዥኑ ላይም እንዳልሽው አውሮፕላኗ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር፣ አጠፋሁት አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ በራሳቸው ቴፕ ካሴቱን ከፈቱት። ጢርርር የለም፣ የጨዋታ ድምፅ የሚባል የለም፣ ከዳር እስከ ዳር የእኔ ድምፅ ነው፣ ሰላምታው፣ የሜሮን ትምህርት፣ የተናገርኩት ሁሉ አንድ ቃል ሳይጎድል። ታዲያ ልጄ በምን ተጫወተች? ካሴቱ መጨረሻው ላይ ደረሰ፣ «ሙሉጌታም ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል፣ ሰላም ይልሻል» አልኩ፣ ከዚያ ዝም ያልኩባት ቦታ መጣች፣ ዝምታው ውስጥ የሰው ትንፋሽ አለ፣ ከትንፋሹ በኋላ በጣም ቀርቦ፣ አፉን ቴፑ ላይ እንዳደረገ ሰው፣ ጠቅ ጠቅ።

እኔ በዚያች ሰዓት ምላሴን አላንቀሳቀስኩም፣ እምላለሁ።

ጋሽ ሰይድ ቴፑን ዘጉት። «ይሄ ሰው» አሉ፣ «ያን ቀን ያልመለሰውን ነው አሁን የመለሰው።»

ዘይነባ አቃጥዪው አለችኝ፣ እኔ ግን ወንድሜ ያለበትን እንዴት አድርጌ ነው የማቃጥለው፣ ከእሱ የቀረኝ ድምፅ ያ ብቻ ነው። ለመንገደኛውም አልሰጠሁት፣ እናቴ ብትሰማው ለይታ እንደምታውቀው አውቃለሁ፣ ተነሺ ካላት ደግሞ ትነሣለች። ኮምፒውተሩን በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ወስደው ያቺ የቆሻሻ ክፍል አስቀመጡት፣ ማታ ሳይ ግን የለም፣ አንዱ ወስዶታል፣ ማን እንደሆነ፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው አላውቅም፣ በየበሩ ሄጄ በእንግሊዝኛ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሜሮን ምንም ትዝ አይላትም፣ በረዶ ገብቶ ነበር አይደል ትለኛለች፣ በቃ። የምትተኛው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በደረቷ ነው፣ እጇን ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ ሌሊት ገብቼ አስተካክላታለሁ፣ ጠዋት ሳያት እንደዚያው ሆና አገኛታለሁ።

ካሴቱን በነጠላ ጠቅልዬ ከልብስ ሥር አኑሬዋለሁ፣ ለእናቴ በምልከው ሌላ ካሴት ሁሉ አሁን ጉንፋን አልልም፣ ሙሉጌታ ተኝቷል እላለሁ። እኔ ነኝ ያስተኛሁት። አንዳንዴ እንጀራዬን ስጋግር ወይ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ምላሴ ሳላውቀው ላንቃዬ ላይ ሄዶ ሁለቴ ሊል ይቃጣዋል፣ ተነሥ ወንድሜ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ና ሊለው፣ እኔም ምላሴን እነክሰዋለሁ፣ ምክንያቱም እሱ ከተነሣ ማን አብሮ እንደሚነሣ አይቻለሁ። እዚያው ሜዳ ላይ ይቆያል እንግዲህ፣ የሚያነሣው የለም፣ ከእኔ በቀር ምልክቱን የሚሰጠው ሰው አልቀረም።

ዌስተንን ለቀን ስካርቦሮ የሚባል ሌላ ሰፈር ገብተናል፣ ቤዝመንት ነው፣ መስኮቱ ከመሬት እኩል ነው፣ ባልኮኒ የለውም፣ ሜሮን አጠገቤ ናት። ደርሰናል፣ ደህና ነን።